የብር ገበር ያለው ሳንባ

ሕመሙ የጀመረኝ ወሎ ሰፈር፣ ልብስ ስፌት ቤት ነው። የደንበኛ ኮት እየሰፋሁ ሳልኩ፤ ነጩ ገበር ላይ ደም ጠብ አለ። ከፊቴ የሚሰፋው ጓደኛዬ ግርማ ደነገጠ። እኔ ጎበዙ ግን "መርፌ ወግቶኝ ነው" አልኩ። በአፌ የምሰፋ ይመስል!

ግርማ እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ራጅ ተነሣሁ። ውጭ አገር የተማረው ዶክተር ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና "ሳንባህ ላይ ደመና አለ። ቲቢ ነው" አለኝ። ከዚያ በሩን ገርመም አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። "በዚህ ጊዜ ግን ሲልቨር ላይኒንግ አለው።"

የእኔ እንግሊዝኛ ከጨርቅ አያልፍም። ሲልቨር ብር፣ ላይኒንግ ገበር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአስካለ "ሳንባዬ የብር ገበር አለው ተባልኩ" አልኳት።

"ዝም በል አንተ! ቀበሌ ከሰማ ለእናት አገር መዋጮ ያስወልቅሃል።"

ያን ቀን ሳቅን። ከዚያ ሳቅ የለም። የስትሬፕቶማይሲን መርፌ በየቀኑ፣ ኪኒንም በላዩ። መቀመጫዬ አበጠ። ጆሮዬ ጮኸ። ልጄን መሳም ተከለከልኩ። ሱሪዬን አጠበብኩ፤ ደግሜ አጠበብኩ። እንደ ራሴ ልኩ የሚቀያየር አስቸጋሪ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ለውትድርና ሁለታችንንም ከስፌት ቤቱ ወሰዱን። መዝጋቢው ፊት ስደርስ ሳሉ ያዘኝ። ደም ተፋሁ። ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

"ይሄን ነቀርሳ ከዚህ አውጡልኝ!"

ወጣሁ። ግርማ ቀረ።

ፊልሜን እንደገና ሲያይ ለዶክተሩ ነገርኩት። "ሲልቨር ላይኒንግ ያልኩህ ይሄንን ነበር" አለኝ። "በክፉ ጊዜ የምትገኝ ደህና ነገር ማለት ነው።"

"ለግርማስ?" አልኩት።

ፊልሙን ማየት ቀጠለ።

ክረምቱ ሲወጣ ሳሉ ተወኝ፤ ምግብ ጣፈጠኝ፣ ያጠበብኩትን ሱሪ እየፈታሁ ማስፋት ጀመርኩ፣ ዳንኩ ብዬም ኪኒኑን ወዲያ ልወረውር አሰብኩ። የግርማ መርዶ የመጣው ያኔ ነው። ለቅሶ ስደርስ እናቱ እትዬ በላይነሽ እጄን ያዙኝ።

"መድኃኒትህን ትውጣለህ?"

"ሳሉ እኮ ጠፋ፣ እትዬ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። አንተ እንኳ ትረፍልኝ።"

እናንተም ሳሉ ሲጠፋ አትታለሉ፤ ሐኪሙ በቃህ እስኪላችሁ ዋጡ። ዶክተሩንና አስካለን አመስግኛቸዋለሁ። እትዬ በላይነሽን ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ለማለት አፌን ከበደኝ። ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላሉ። እኔ አባወራ ነኝ ባዩ፣ መዋጤን እንዲያዩ ምላሴን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። አይተው ይሄዳሉ።