የካምቢዮ ዘይት ሳንቀይር የቀረንበት ቅዳሜ

ብርድ ሲገባ የግራ እጄ የቀለበት ጣት አይታጠፍም። ዛሬ ጠዋት የልጄን ካፖርት ልቆልፍላት ስታገል እንደ እንጨት ገተረብኝና፣ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "የድሮ ነው" ብዬ አለፍኩት። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታስሬ፣ ጀርባዬ በዱላ በልዞ ተፈታሁ። አባቴ ያለውን አሟጦ ለንደን ወንድሜ ዘንድ ላከኝ። ወንድሜ ሆሎዌይ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። አልጋውን ለኔ ለቆ እሱ መሬት ተኛ። የመጀመሪያውን ብርድ ጃኬቱን አልብሶኝ ራሱ በሹራብ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ይህን የማስቀድመው፣ የቀረውን ስትሰሚ አውሬ ብቻ መስሎ እንዳይታይሽ ነው።

መምታት የጀመረው በስድስተኛው ወር ነው። መጀመሪያ በጥፊ ነበር፣ አምሽቼ በመግባቴ። ከዚያ በቀበቶ ሆነ። ሲጨርስ ያለቅስና "አባባ አደራ ብሎኛል እኮ!" ይለኛል። ከፖሊስ ዱላ ያመለጠ ገላዬ ለቀበቶ ተረፈ።

ስለዚህ መዋሸት ጀመርኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ እንደተሰጠኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ "ኮሌጅ አለኝ" እያልኩ ዌምብሊ አካባቢ አንድ የኳስ ሜዳ ላይ ሣር ለማጨድ እሄድ ነበር። የሜዳው ዋና ሠራተኛ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ኤርትራዊት ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር። አስመራ፣ አባታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው ያደጉት። አማርኛቸው በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ጥርት ያለ ነበር። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም።

ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ ያረጀውን የሣር ማጨጃ ትራክተር የካምቢዮ ዘይት ልንቀይር ነበር። ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ ይቆም ጀምሮ ነበር። እማማ አስነስተው ትንሽ አሞቁት። "ዘይት ሲሞቅ ነው ቆሻሻውን ይዞ የሚወርደው" አሉኝ። እኔ በጀርባዬ ከሥሩ ገብቼ ቡሎኑን ፈታሁት። ጥቁሩ ዘይት እየተጎተተ ወደ ሳፋው መውረድ ጀመረ። የተቃጠለ ነገርና የታጨደ ሣር ይሸታል፤ በጎማዎቹ መሃል ፀሐይ ዓይኔን ትወጋኛለች። "የመጨረሻዋ ጠብታ ሳትወርድ እንዳትዘጊው" ሲሉኝ ሰማሁ።

በዚያች ቅጽበት ሁለት እጆች ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ።

ወንድሜ ነበር። አንድ የሚያውቀው ሰው ሜዳው ላይ አይቶኝ ነግሮት ኖሯል። ኮረኮንቹ ላይ ጎትቶ አወጣኝ፤ ሹራቤ ተገልቦ የጀርባዬ ቆዳ ሲላጥ ይታወቀኛል። "ኮሌጅሽ ይሄ ነው? ይሄ ነው?" እያለ በጫማው ጎኔን መታኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። መፍቻው አሁንም በግራ እጄ ነበር። "ልትመቺኝ ነው?" ብሎ እጄን ከነመፍቻው ረገጠው። ጣቴ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማነው።

እማማ በልመና ነው የመጡት። "ተው ልጄ፣ እህትህ አይደለችም? ተው!"

"እርስዎን አያገባዎትም!" ብሎ ገፈተራቸው። በዚያ ሁሉ ቁጣ ውስጥ እንኳ አንቱታውን አልረሳም። አጥሩ ላይ ወድቀው ከንፈራቸው ተተረተረ። ደሙን ተፉት፣ በክንዳቸው ጠረጉት፣ ከዚያ ከዕቃ ሳጥኑ ረጅሙን የቧንቧ መፍቻ አነሱ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፣ አጥንቱ ተሰበረ። ሁለተኛው ጉልበቱን አገኘው። ወንድሜ ሳፋው ላይ ተደፋ፤ ሊነሳ ሲሞክር ዘይቱ እያንሸራተተ ይጥለዋል። ደሙና ዘይቱ ፊቱ ላይ ተደባልቆ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እማማ ለሦስተኛ ጊዜ ብረቱን ሲያነሱ የሚያዩት ጭንቅላቱን ነበር።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንድሜ ላይ ወደቅሁበት። "እማማ፣ አይግደሉብኝ!"

ብረቱ አየር ላይ ቆመ። እማማ እንደ ነቃ ሰው ዙሪያቸውን አዩና ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

ፖሊስ መጣ። አንዲት ወጣት ፖሊስ ጣቴን ይዛ "ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?" አለችኝ። ወንድሜ ከአምቡላንሱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ትራክተሩ ነው" አልኩ። "እኔን ማንም አልነካኝም። ወንድሜን እሳቸው ናቸው የመቱት።"

እማማ ካቴና ገብቶላቸው ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። መኪናው ውስጥ ሲያስገቧቸው ዘወር ብለው፣ "ልጄ፣ እጅሽን በረዶ አድርጊበት" አሉኝ።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ወንድሜ በአንድ እጁ ሾርባ እየሠራ ያጠጣኝ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ምክንያቱን እንኳ ዛሬ አላስታውሰውም፣ በደህና እጁ ፊቴን መታኝ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። በእግሬ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ "ስቴትመንቴ ውሸት ነበር" አልኳቸው።

እኔን ለማስጣል ነው ተብሎ የእማማ ክስ ቀረ። ወንድሜ ታሰረ። አባቴ ደውሎ "አንቺን አልወለድኩም" አለኝ፤ እስኪሞት ድረስም ድምፁን አልሰማሁም።

ስቶክዌል፣ እማማ ቤት ሄጄ በሩን ሲከፍቱልኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ተነሽ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል" አሉና በብብቴ ይዘው አነሱኝ። ምሳ አቀረቡልኝ። በፋሻ በታሰረው እጄ መቁረጥ እንዳቃተኝ ሲያዩ ሥጋውን በቢላ ቆራርጠው ሰጡኝ። ሳህኑን ሲያነሱ፣ "ሦስተኛውን ምት ባታስጥዪኝ ገድዬው ነበር" አሉ። "እንግዲህ ያለፈውን አንቺም ተዪው፣ እኔም ልተወው።"

ሁለት ዓመት ሶፋቸው ላይ ኖርኩ። ሜዳው በቦታቸው ሌላ ሰው ቀጥሮ ስለነበር ሥራ አብረን መፈለግ ጀመርን። በየመናፈሻው አፕላይ አደረግን። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቀጣሪዎቹ ግን ሽበታቸውን እያዩ "እናሳውቅዎታለን" ይሏቸው ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ቦታ ተገኘ። ለእኔ ብቻ።

የመጀመሪያውን ቀን እስከ መናፈሻው በር ሸኙኝ። በሽቦው አሻግረው ተደርድረው የቆሙትን ትራክተሮች ረጅም ጊዜ አዩ። "በይ ግቢ፣ እንዳይረፍድብሽ" አሉኝ። ዞሬ ሳያቸው የአውቶብስ ካርዳቸውን ከኪሳቸው እየፈለጉ፣ ብቻቸውን ወደ ፌርማታው ይሄዱ ነበር።