ሁለት አባላት

ልብስ ሰፊው በምሳ ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲመጣ ሜትሩን ከአንገቱ አያወርድም፤ እጅጌው ላይም የክር ቁራጭ አይጠፋም። ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጥና መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚያሾልክ ሰው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጫናል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለወራት ሳትጠይቀው ከርማ አንድ ቀን አላስቻላትም።

"አባባ፣ እንዲህ የሚጠምድዎት ምንድን ነው?"

"የራሴ መጨዋወቻ ገጽ አለችኝ" አላት፣ ፊቱ በርቶ። "ሶፍትዌሩን የማላውቃቸው ሰዎች ሠርተው በነጻ ሰጡት። የፈለገ ወስዶ የራሱን ገጽ እንደ ቤት ይሠራበታል፤ አከራይ የለ፣ አለቃ የለ። ከሌሎቹ ቤቶች ጋርም እንደ ጎረቤት ያወራል። ሲበላሽ፣ ቀዳዳ ሲያወጣ፣ እነሱኑ ጠይቄ እጥፈዋለሁ፤ መጣፍ እንደሆነ ሥራዬ ነው።"

"የእርስዎ ቤት ስንት ሰው አለበት?"

"ሁለት። እኔና ልጄ።" ሜትሩን በጣቱ ጠቀለለው። "ተኳርፈን ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ስሟን እኔው አስመዝግቤ መግቢያውን ልኬላታለሁ። በየቀኑ አንድ ነገር እጽፍላታለሁ፤ እሷ ግን መልሳ አታውቅም። ማን ያውቃል፣ ዝም ብላ ታነብ ይሆናል።"

"ገብታ እንደሆነ ማየት አይቻልም እንዴ?"

"ለእኔማ ይቻላል፤ አስተዳዳሪው እኔ አይደለሁ? ስሟን ጠቅ ባደርግ መጨረሻ የገባችበትን ቀን ቁጭ ያደርግልኛል።"

ገጹን ዘግቶ ተነሣ፤ ወንበሩንም ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰ።

"እስከ ዛሬ ጠቅ አድርጌው አላውቅም።"