ቀሚሱ ለምን ይሰቀላል?

ቆራጯ በዚያ ስፌት ቤት አሥራ አራት ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች። ባለቤቱ፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚለው ሰውዬ፣ በዕድሜው መርፌ ላይ ክር ሰክቶ አያውቅም። በጋዜጣ የንግድ ገጽ ላይ አዲስ ነገር ካየ ግን ውሎ ሳያድር ሱቁ ውስጥ ካላስገባው እንቅልፍ የለውም።

አንድ ቀን ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን «ያለመወዳደር ውል» እንደሚያስፈርሙ አነበበና የራሱን ውል አስተይቦ መጣ። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ በከተማው ልብስ አይሰፋም ይላል። እስቲ አሁን ይሄ ጤነኛ ሰው የሚጽፈው ነው? ልብስ ሰፊ ልብስ ካልሰፋ ምን ይብላ? ቆራጯ አስቸኳይ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃት ስለነበር ቆማ፣ ሳታነበው ፈረመች።

እናቷ ታመው አልጋ ሲይዙ ሥራ ለቀቀችና ማሽኗን ቤቷ መስኮት ሥር አስቀመጠች። እናቷን ታገላብጣለች፣ መለስ ብላ ትሰፋለች። ደንበኞቹም ተከተሏት፤ ምን ታድርግ፣ በር ትዝጋባቸው? ወር ሳይሞላ ጋሼ ያንን ውል ይዞ ከሰሳት። ከተፈረደባት ማሽኑ ሦስት ዓመት ሊቆም ነው፤ እናትና ልጅ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ፍርድ ቤት ጋሼ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቆመ። «ክብርት ዳኛ፣ የንግድ ምስጢሬን ወስዳብኛለች።»

«ውሉ የሚጸናው የሚጠብቀው ምስጢር ካለ ብቻ ነው። የትኛውን ምስጢር?» አሉ ዳኛዋ።

«በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ጫፉ ከመቀምቀሙ በፊት አንድ ቀን ተሰቅሎ ይውላል። ይህ የድርጅቴ ጥበብ ነው።»

ወይ ድፍረት! ያንኑ ቀሚስ መስቀል «ጊዜ ማባከን» እያለ አሥራ አራት ዓመት የነዘነዛት እሱ አይደል? ስንት ጊዜ ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዶ «ቀምቅሚውና ይውጣ!» ብሏታል።

«ለምንድን ነው የሚሰቀለው?» ሲሉ ዳኛዋ ጠየቁት።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣሪያውን አየ። «እንዲ... እንዲነፍስበት ነው።»

ችሎቱን ሊሰሙ መጥተው ከኋላ የተቀመጡት ደንበኞቿ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጋሼ ዞር አለና፣ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ራሱ የከሰሳትን ሴት «ንገሪያቸው እንጂ!» አላት።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ የማያውቁትን እንዴት አድርጋ ወሰደችብዎት?» አሉት። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰባት። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእናትሽ፣ ግን ለምንድን ነው?»

ዝም ብላው ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ነገረችው። «በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይሳባል። ሳይሰቀል ከተቀመቀመ በማግስቱ አንዱ ጎኑ ይረዝማል። ይኸው ነው ጋሼ። አሁን ይሂዱና መቀሱን ያንሱ።»

ጋሼ እጆቹን እያየ ቆሞ ቀረ። መቀስ በየትኞቹ ጣቶች እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም። እሷ እናቷን የምታገላብጥበት ሰዓት ደርሶ ነበርና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።