ሩፈይዳ ክሊፑን ያቀበለች ቀን

ሩፈይዳ ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ለሐኪሞች መሣሪያ የምታቀብል ነርስ ናት። እዚያው ከተማ ሄርማታ ሰፈር የተወለደች የልብስ ሰፊ ልጅ ስትሆን፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነው። እናቷ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው ያሳደጓት። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ የገባ ልጅ እዚያ ቤት እራቱን አያገኝም ነበር። ሆስፒታሉም ይህን ጠባይዋን ወደደላት፤ ጭምት ናት ተባለላት። ጭምትነት ሁልጊዜ ደግ ነገር ይመስለናል፣ አይደል?

የሐሞት ከረጢትን ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ የማውጣቱን ሥራ ያለማመዷት ዶክተር ወልደሰማያት ናቸው። ስክሪኑን እያሳዩ ደጋግመው ነግረዋታል፦ «መጀመሪያ ስቡ ይጽዳ። የከረጢቱ ታችኛ ክፍል ከጉበቱ ይላቀቅ። ከዚያ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ ጥርት ብለው ይታዩ፤ አንድ ቱቦ፣ አንድ የደም ሥር። ካልታዩ ክሊፕ የለም። ሆዱን ከፍተን እንሠራለን፤ ነውር የለውም።» ክሊፕ የሚሉት ከመቁረጥ በፊት ቱቦውን የሚያንቀው ትንሽ የብረት መቆንጠጫ ነው።

ታካሚዋ ኩልሱም የመጣችው ጅማ አጠገብ ካለችው ሰርቦ ነው። መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም የምትውል የሦስት ልጆች እናት ናት። ቅባት የነካው ምግብ በቀመሰች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ጨምድዶ ሲይዛት ዓመት አልፎታል። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትገባ የሩፈይዳን እጅ ያዘች።

«ኦቦሌቲኮ፣ እህቴ፣ ልጆቼ ገና አልጠነከሩም» አለቻት።

«አብሽሪ፣ እኔም አጠገብሽ ነኝ።»

ከረጢቱ ቆስሎ ካካባቢው ጋር ተጣብቆ ነበር። ዶክተሩ አርባ ደቂቃ ታገሉ። ከዚያ «ክሊፕ» አሉ። ሩፈይዳ ስክሪኑን አየች። የሚታየው አንድ ቱቦ ብቻ ነው፤ እሱም ወፈር ያለ። የደም ሥሩ የለም። የከረጢቱ ታች ከጉበቱ አልተላቀቀም። ይሄ ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደው ዋናው ቱቦ ቢሆንስ? ክሊፑን የያዘው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሩፈይዳ፣ ክሊፕ» አሉ ዶክተሩ በለሰለሰ ድምፅ።

እሷ ማን ናት? ያስተማሯትን ሽበታም ሐኪም በተማሪዎቻቸው ፊት ታርማቸው? አቀበለች። መቀሱንም አስከትላ አቀበለች።

በአራተኛው ቀን ኩልሱም ዐይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዷ ተነፍቶ ተመለሰች። የተቆረጠው ዋናው ቱቦ ነበር፤ ሐሞት ሆዷ ውስጥ ሲፈስ ሰንብቷል። የተጠራቀመውን ቀዱላት። ጥገናው የሚሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ለመንገዱ ትንሽ ትጠንክር ተባለ። አልጠነከረችም፤ ትኩሳቱ አልለቅ አላት። ሩፈይዳ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ አልጋዋ ዘንድ ትሄዳለች። ባሏ ሸኩር «ትድናለች አይደል?» ሲላት «ኢንሻአላህ» ትለዋለች። ኩልሱም ደግሞ ስለጠየቀችኝ ብላ ትመርቃታለች። ያ ምርቃት አንጀቷን ያቃጥላት ነበር።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ኩልሱም ሞተች።

ከቀብሩ ማግስት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ስለ እሷ ለመነጋገር ተሰበሰቡ። ዶክተር ወልደሰማያት ነገሩን አላድበሰበሱም። «ስሕተቱ የእኔ ነው። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ዐይኔ ያየው ልቤ የፈለገውን ነው» አሉ። ቀና ብለው ሰዉን ቃኙ። «ሌላ ያየ ሰው ነበር?»

ሩፈይዳ ተነሣች።

«እኔ አይቻለሁ፣ ዶክተር። ሁለቱ አልታዩም ነበር። ክሊፑን ከመስጠቴ በፊት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎን አክብሬ ነው።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ቆም ይበሉ ብትይኝ እኮ እቆም ነበር» አሉ።

ቢቆጧት ትችለው ነበር። አብራቸው በሠራችበት ዘመን ሁሉ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተዋት አያውቁም።