እህቴ የኋላ ጎማውን የገጠመችበት ጠዋት

ግሪስ ከሞቀ ጎማ ጋር ሲሸተኝ፣ የትም ብሆን መተማ ነው የምደርሰው። በቀደም ጎንደር ላይ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ሽታው መጣብኝና ቆሜ ቀረሁ። የጋራዡ ልጅ ከውስጥ "ምን ልታዘዝ?" አለኝ። እኔ ግን የማየው ታላቅ እህቴን ነበር፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሰንበሌጥ በተከደነው ዳስ፣ በራኩባችን ጥላ ሥር ተንበርክካ።

እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባሉት መንደሮች እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች፤ ለዚሁ አንድ አሮጌ ሞተር ተሰጥቷታል። እናታችን ሞተሩን አትወደውም። "ከዚህ ብረት ላይ ወድቀሽ በቃሬዛ ያመጡልኛል" ትላታለች። እህቴ አትከራከርም፤ ሳቅ ብላ ታልፈዋለች።

ጊዜው ጥቅምት ነው፤ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት። ከደጋ የመጡት የሰሊጥ አጫጆች በጭነት መኪና ተጭነው አልፈዋል፤ ሙቀቱ በጠዋቱ ከመሬት ይነሣል። የኋላ ፍሬኑ ሸራ አልቆ ስለነበር እህቴ ጎማውን ከዋዜማው አውልቃ አጥባዋለች። አዲሱ ሸራ ግን ከጎንደር በመኪና ተልኮ የደረሰው ገና ያን ጠዋት ነው። የክትባቱ ሣጥን በረዶ ተሞልቶ ከጤና ጣቢያ መጥቷል። እናቶቹም ሥራቸውን ትተው ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ሥር ይጠብቋታል። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ተበላሸ ማለት ነው።

"መካኒኩን አስጠሪ እንጅ" አለች እናቴ።

"ወደ ገለጉ ሄዷል እማየ። እኔ እገጥመዋለሁ። እናንተ ብቻ ከኋላ ከፍ አድርጋችሁ ያዙልኝ።"

የሞተሩ መቆሚያ የተሰበረ ስለነበር እኔና እናቴ ግራና ቀኝ ሆነን አነሣነው። እህቴ ሸራውን ቀየረች፣ ጎማውን በሞተሩ ሁለት የኋላ ክንዶች መሐል አስገባች፣ ሰንሰለቱን በጎማው ጥርስ ላይ አዋለች፣ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። የዘንጉን ዳዶ አጥብቃ በእጇ ስታሽከረክረው ግን ጎማው እየተንገራገጨ ቆመ።

"እየጎተተም ቢሆን አያደርስሽም?" አልኳት።

"መንገድ ላይ ቢቆልፍብኝስ? ያኔ እኔም አልደርስ፣ ክትባቱም አይደርስ።"

ዳዶውን መልሳ ፈታች። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ያ ነው። በረዶው እየቀለጠ፣ ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ መፍቻውን አልወረወረችም፣ ማንንም አልተቆጣችም። ጎማውን አወጣችና ዕቃዎቹን በናፍጣ ያጠበችበትን ሳህን በጣቷ ትፈትሽ ጀመር። ጭቃ ከመሰለው አሮጌ ግሪስ ውስጥ ቀለበት የምትመስል አጭር ብረት አገኘች። ጎማውን ከክንዱ አራርቃ የምትይዘው እሷ ኖራለች። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻትና ቦታዋ አስገባቻት።

እናቴ ሞተሩን እንደያዘች ደክሟት ነበር። "ትንሽ እረፊ፣ ለብቻዬ ልያዘው" ብላት እምቢ አለች። ዓይኗን ከእህቴ እጆች ላይ አልነቀለችም። ልጇን እንደዚያ አድርጋ ስታይ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

በሁለተኛው ሙከራ ገጥማ ስታሽከረክረው ጎማው ያለ ኮሽታ ዞረ። እህቴ የሰንሰለቱን ልልነት በጣቷ ፈተሸች፣ ፍሬኑን ደጋግማ ረገጠች፣ ሣጥኑን ከፍታ በረዶው ቀልጦ አለማለቁን አየች። ከዚያ እጇን በሳሙና ፈትጋ ታጠበችና ሣጥኑን ከኋላ አስራ ተነሣች።

"ቀስ ብለሽ ንጅ" አለቻት እናቴ። የቃሬዛውን ነገር ያን ቀን አላነሣችም። አቧራው ከመንገዱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

እህቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰች። "ሁሉንም ከትቤ ጨረስኩ" ብላ ምንጣፉ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ግሪሱ ከጥፍሯ ሥርና ከመዳፏ ስንጥቅ ጨርሶ አልለቀቀም ነበር። እናቴ ጥጥ በሰሊጥ ዘይት ነክራ አጠገቧ ተቀመጠች። እንዳትቀሰቅሳት ቀስ እያለች፣ ጣቶቿን ተራ በተራ እያነሣች ትጠርግላት ጀመር።

እህቴ አልነቃችም። እናታችን ካረፈች በኋላ፣ ለቅሶው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ነው ይህን የነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።