ከ«ቆሎ» ጋር የተከራከርኩበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤታችን መጋዘን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥተው ሲያበሩት፣ ውስጡ የተኛው አቧራ ሲሞቅ የሚያወጣው ያ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ለእኔ የሞጣ ሽታ ነው።

መሰናዶ ለመማር ከቢቸና ሞጣ የሄድኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሐሳቡ አጎቴ ቤት እንድኖር ነበር፤ እሱ ግን በገባሁ በሁለተኛው ወር ሥራ ተዛውሮ ሄደና በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። የክፍሌ ልጆች አብረው ያደጉ ስለነበሩ ለእኔ የሚተርፍ ወሬ አልነበራቸውም፤ አንዳንድ ቅዳሜ የገዛ ድምፄን ሳልሰማ እውል ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ የምገባበት የእትዬ ትርንጎ ኢንተርኔት ቤት ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ሦስቱ በአንዱ ግድግዳ፣ ሦስቱ በሌላው፣ ሰዉም ጀርባና ጀርባ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አንድ ገጽ እስኪከፈት የሒሳብ የቤት ሥራ ያልቃል፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም በአንድ ላይ «ኡፍ» ይላል። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ ባገኙት ነገር ሁሉ የሚከራከሩበትን የመወያያ ገጽ ያገኘሁት እዚያ ነው። ስሜን «እርጎ» አልኩ፤ ሴት መሆኔን ግን አልደበቅሁም። ሽሮ ላይ ቲማቲም ይገባል ብዬ በጻፍኩ በማግስቱ «ቆሎ» የሚባል ሰው «ልጄ፣ አንቺ የምትዪውማ ሾርባ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ በዚሁ ሦስት ሳምንት ተከራከርን። ከዚያ ዳቦ በኮባ ቅጠል ይጋገር ወይስ ያለ ኮባ፣ ሠርግ በድንኳን ይሁን በአዳራሽ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃ ይከፈት አይከፈት፣ ያልተነታረክንበት የለም። ቆሎ ሲሸነፍ አያምንም፤ ሲያሸንፍ ግን አይኩራራም። አንድ ጊዜ አራት ቀን ስጠፋ «እርጎ፣ ታመሽ እንዴ?» ብሎ ጻፈ። በዚያ ዓመት ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

ዓመቱ ሲጋመስ ገጹ ላይ ፖለቲካው በረታ፣ የሽሮው ሳቅ ጠፋ። ሁሉም በአንድ ወገን ሲጮህ ቆሎ «እስቲ ሌላውንም እንስማው፤ ስድብ መልስ አይሆንም» ብሎ ጻፈ። ወረዱበት። እኔም ከብዙ ሰው ጋር መቆም እንዴት እንደሚሞቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩና «ካድሬ መሆንህን ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ብዬ ጨመርኩበት። አወደሱኝ። እሱ «እርጎ፣ ይህን ካንቺ አልጠበቅሁም» አለና ዳግመኛ አልመጣም።

ሁለት ሳምንት ያህል ስሙን ስፈልግ ሰነበትኩ። አንድ ቀን እትዬ ትርንጎ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ወንበር እየወለወሉ «ጋሼ ሙሉም ቀሩ» አሉኝ።

«ማናቸው?»

«ጡረታ የወጡት አስተማሪ ናቸዋ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚህች ተቀምጠው ስለ ሽሮ እየጻፉ ለብቻቸው ይስቁ ነበር። አሁን ዓይኔን አመመኝ ብለው ተዉት።»

ከጀርባዬ እሰማው የነበረው ዝቅ ያለ ሳቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ስንከራከር ከርመን፣ ስንገባና ስንወጣ እጅ እንኳ ተነሣሥተን አናውቅም።

በማግስቱ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

«የቢቸና ነኝ። እዚህ እማራለሁ።»

«ብቻሽን?»

«አዎ።»

«ይከብዳል» አሉና ከጎናቸው ያለውን የመደብ አቧራ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ቢቸና ጠየቁኝ፤ እኔም መለስኩ፤ የመጣሁበትን ነገር ግን ምላሴ ላይ አድርሼ ደጋግሜ ዋጥኩት። ስነሣ «ብቅ በይ እንጂ፣ ሰው አይመጣም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ሐፍረቱ፣ ፈተናው እያልኩ ቀረሁ። ሰኔ ላይ ስሄድ በሩ ተቆልፏል፤ ልጃቸው መጥታ ወደ ባሕር ዳር ወስዳቸዋለች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ገጹም ከተዘጋ ቆየ፤ የጻፍነው ሁሉ አብሮ ጠፋ። እኔ ዛሬም ስልኬ ላይ የምከራከረው ሰው አላጣሁም፤ አብዛኛው ግን ማን እንደሆነ ለማወቅ እንኳ አልጓጓም። ያን ቀን «እርጎ» እኔ መሆኔን ብነግራቸው ጋሼ ሙሉ ይቅር ይሉኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ይቅር የሚል ሰው ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።