በበረቱ ስር የተቀበረው የዘር ገብስ

የተበደልሁት ይጻፍልኝ፤ በአሥር ዓመቴ፣ በስብሰባ መካከል፣ እውነት ተናገሪ ተብዬ አባቴን አሳሰርሁ።

ክፉው ቀን ካለፈ፣ ንጉሡም ከወረዱ በኋላ ነው። መካነ ሰላም አጠገብ ባለችው መንደራችን ረሃቡ ገና ከሰው ፊት አልለቀቀም። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንወጣ መፈክር እያሰማን ነበር የምንሮጠው፤ "ይውደም!" ማለት እንደ ድብብቆሽ ይጥመን ነበር። ማን እንደሚወድም አልጠየቅንም።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እህል የደበቀ ይጋለጥ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። ትልልቆቹ ዝም ሲሉበት ወደ ልጆቹ ዞረ።

"አንቺ ጎበዟ ተማሪ፣ ተነሺ እስቲ። ቤታችሁ የተቀበረ ነገር የለም?"

ነበረ። አባቴ ሁለት ስልቻ የዘር ገብስ በበረቱ ስር ቀብሯል፤ ከሌባም፣ ከእኛ ከልጆቹ ሆድም ሲያሸሸው። በእኛ አገር ሰው በጠኔ ቢወድቅ እንኳ ዘር አይቆረጠምም፤ ስለዚህ መቀበሩ ነውር ሆኖ አልታየኝም።

"የዘር ገብስ አለ" አልሁ፣ ኮራ ብዬ። ተጨበጨበልኝ።

አባቴን ያን ዕለት አሰሩት፤ ስልቻዎቹንም ወሰዱ። ጓደኞቼ ደጃችን ድረስ መጥተው "ይውደም!" አሉ፤ እኔው አብሬያቸው ስጮኸው የከረምሁትን ቃል።

በማግስቱ ማኅበሩ በር ላይ ቆምሁ። "እኔ ዘር ነው ያልሁት። የተደበቀ እህል የተባለው ዘር ተብሎ ይታረም።"

ዘበኛው ሳቀ። "ወላሂ፣ ይቺስ ጠበቃ ናት! ሂጂ፣ መጀመሪያ ንፍጥሽን ጥረጊ።"

በየቀኑ ተመላለስሁ። አባቴ ሲፈታ ሰኔ አልፏል፤ ማሳችን ጦሙን አደረ። እሱ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የጠያቂውን ፊት አያለሁ።

ስንት ዘመን አልፎ፣ ያ ሊቀመንበር አርጅቶ፣ የእኔን የልጅ ልጅ ለልጅ ልጁ ሊጠይቅ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ቤቴ መጣ። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጥ እስኪባል መቆም ወጉ ነው። ሦስቱም ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"እማዬ፣ ተቀመጡ በያቸው እንጂ" አለኝ ልጄ።

"ሁለቱ ይቀመጡ። እርስዎ ግን ቆመው ይመልሱልኝ፤ ዘር መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"እቴ፣ ጊዜው እኮ..."

"ጊዜውን አልጠየቅሁም።"

ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ተቀመጥ አላልሁትም።

"አውቅ ነበር" አለ። "እኔስ ገበሬ አይደለሁ? አባትሽ ላይ ትልቅ ሰው ቢናገርበት ጠበኛው ነው ይባል ነበር። ልጅ ከተናገረች ግን ሰው ያምናል ብዬ፣ አንቺን አስነሣሁ።"